ከጅማ ተነሥቶ ወደ ወንዝ ዳር ጥብቅ ሥፍራ፦ ጅሬንና ቦዬ፣ ጊቤ ሸለቆ፣ ጨበራ ጩርጩራ፣ ካፋ ወይስ ኦሞ?

በየዓመቱ የቡና ለቀማው ሩጫ ጋብ ብሎ የትምህርት አጋማሹ ዕረፍት ሲቃረብ፣ በጅማ ትምህርት ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወንዝ ያለበት፣ ልጆች የዱር እንስሳ የሚያዩበት፣ ታላላቆችም ታሪክ ሰምተው የሚመለሱበት ጥብቅ ሥፍራ የትኛው ነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በስማ በለው ነው። አንዱ ጨበራ ዝሆን አለ ይላል፤ ሌላው ጊቤ መንገድ ላይ ስለሆነ ይቀላል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ትቶ የት ይኬዳል ብሎ ይከራከራል። ሦስቱም የሚሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ የሚመዝነው እንስሳውን፣ ሌላው መንገዱን፣ ሌላው ታሪኩን በመሆኑ ክርክሩ መቋጫ የለውም።

እኔም ለጥቂት ዓመታት የማኅበራችንን ጉዞ ሳስተባብር በዚሁ ክርክር መካከል ተቀምጫለሁ፤ ሁለት ጊዜም ውሳኔያችን ከሽፎብናል። ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው ሌሎች መመዘኛቸውን አስቀድመው፣ ቦታውን ከዚያ በኋላ እንዲመርጡ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አምስቱን አማራጮች አንድ ላይ ያመጣኋቸው በአጋጣሚ አይደለም። በጅማ መሐል የሚያልፈው አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ ወርዶ ከግልገል ጊቤ ይቀላቀላል፤ ግልገል ጊቤ ወደ ታላቁ ጊቤ ይገባል፤ ጊቤም ከካፋ በኩል ከሚመጣው ጎጀብ ጋር ከተገናኘ በኋላ ኦሞ ተብሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ስለዚህ ከቤተ መንግሥቱ ግርጌ እስከ ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ድረስ የምንመርጠው በአንድ የወንዝ ሥርዓት ላይ ከተቀመጡ ሥፍራዎች መካከል ነው። የሚለያዩት ወንዙ በየቦታው በሚሰጠው ነገር ነው፤ ከላይ ታሪኩ ቅርብ ሲሆን አውሬው ያንሳል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አውሬው ይበዛል፣ መንገዱም ይከብዳል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ በኪሎ ሜትር የሚለካው ርቀት ሳይሆን በቀን ብርሃን የሚለካው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከጅማ የተነሣ ሰው ስንት ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ይደርሳል፣ ጨለማ ሳይዘውስ የት ይመለሳል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከፓርኩ በር እስከ ውኃው ያለው የጥርጊያ መንገድ አንዳንድ ጊዜ ከከተማ እስከ በሩ ካለው አስፋልት ይልቅ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው እንስሳትን የማየት ዕድል ነው። በዚህ ረገድ አንባቢ ሊጠነቀቅ የሚገባው በአንድ ፓርክ ውስጥ «ይገኛሉ» ተብለው የሚዘረዘሩ እንስሳትና ጎብኚ በአንድ ቀን ቆይታው የሚያያቸው እንስሳት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ነብር በሁሉም ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ነብርን ያየ ጎብኚ ግን እምብዛም አይገኝም። ጉማሬ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛና የውኃ ወፎች ግን በተገቢው ሰዓት የሄደን ሰው ብዙ ጊዜ አያሳፍሩም።

ሦስተኛው ታሪካዊው ቅርስ ያለበት ሁኔታ ነው። በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ሕንፃ ወይም ካብ አለ? ወይስ አስጎብኚ ሲተርከው ብቻ የሚገባ ታሪክ ነው? ለልጆች ይህ ልዩነት ከሁሉ ይበልጣል። አራተኛው ወቅቱ ነው፤ በእኛ አካባቢ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ለጥርጊያ መንገድ የሚያመቹት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። አምስተኛውና የመጨረሻው ወጪ ነው። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያው ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ ትንሹ ክፍል ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው የመኪና ኪራይ፣ ነዳጅና ማደሪያ ነው። ስለዚህ ዋጋን ስናነጻጽር የምናነጻጽረው በዋናነት መኪናን ነው፤ ሚኒባስ የሚገባበትን ቦታ ላንድክሩዘር ከሚጠይቀው ቦታ ጋር ማለት ነው።

ጅሬንና ቦዬ፦ ግማሽ ቀን፣ ትንሽ ገንዘብ

ይህ አማራጭ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ይሁን እንጂ ወንዝን፣ ታሪክንና የዱር እንስሳን በአንድ ቀን ማየት ለሚፈልግ ሰው ከአምስቱ መካከል ይህን ያህል ቅርብ የለም፤ ጅማ ተወልደው አድገው አንዱንም ያላዩ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሐል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ፤ ለምኒልክ ለመገበር ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ያስጠበቁ ሲሆን፣ ይህ ራስን የማስተዳደር መብት ያበቃው እርሳቸው ባረፉበት ዓመት ነው። ሰፊ ሰገነት ያለው ዋናው የእንጨት ሕንፃ፣ በአጠገቡ ያለው መስጊድና የግቢው አደባባይ ተራ በተራ ሲታዩ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከሰገነቱ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ንጉሡ ለምን ይህን ኮረብታ እንደመረጡ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል፤ የጥንቱ የሂርማታ ገበያ የነበረበት የዛሬው ከተማና በዙሪያው ያለው ሜዳ ሁሉ ከእግር ሥር ይዘረጋል። ሕንፃው በቅርብ ዓመታት እድሳት ስለተደረገለት ቀድሞ ያየውም ሰው ደግሞ ቢያየው ይጠቀማል።

ቦዬ በአዲስ አበባ መውጫ በኩል የሚገኝ ረግረግና ኩሬ ሲሆን በጉማሬዎቹ ይታወቃል። ወደዚያ የሚኬደው በአሥር ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ስትበርድ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ አንድ ሰው ከውኃ በታች በረጅሙ ተንፍሶ እንደሚወጣ ያለ «ፉፍ» ይላል፤ ከዚያ ሁለት ጆሮ ብቅ ይላል፤ ጆሮዎቹ እንደ ዝንብ ክንፍ ይርገበገቡና ውኃውን ያራግፋሉ፤ ከቆይታ በኋላ ግራጫ ጀርባ ይታያል። ጉማሬ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ስለሚወጣ፣ አመሻሽ ላይ በእርሱና በውኃው መካከል መቆም ለሕይወት ያሰጋል። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ከመኪና ሳይወርዱ በፊት ሊነግራቸው ይገባል። በረግረጉ ዳር አናቱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋው ረጅም እግር ያለው ወፍ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲመገብ ማየትም የተለመደ ነው።

ድክመቱን መደበቅ አያስፈልግም። የጅማ ረግረጎች በጡብ ሥራ፣ በባሕር ዛፍና በእርሻ እየጠበቡ መጥተዋል፤ ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻም መድረሻው እዚያው ነው። ስለዚህ ቦዬን «ያልተነካ ተፈጥሮ» አድርጎ ጠብቆ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል። ለተማሪዎች ግን ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ በጠዋት መሐል ከተማ ላይ በአዌቱ ውስጥ ያዩትን ፔስታል ከሰዓት በኋላ ከጉማሬው አጠገብ ተንሳፍፎ ያገኙታልና። ለሦስትና ለአራት ሰው የባጃጅ ኮንትራት፣ ለክፍል ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሚኒባስ ወይም አነስተኛ አውቶቡስ በቂ ነው፤ ምሳ ከቤት ይቋጠራል።

ጊቤ ሸለቆ፦ መንገድ ላይ ያለው ፓርክ

የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ በጉራጌ አካባቢ ከወልቂጤ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ 360 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከጅማ በሰርቦ፣ በአሰንዳቦ፣ በሶኮሩና በሳጃ አልፎ ወደ ጊቤ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ከጅማ እስከ ድልድዩ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኞቻችን ግን የምናውቀው ከአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ መስኮት እንከፍታለን፣ ዳገቱን ስንወጣ እንዘጋለን፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት የፓርክ ጎረቤት እንደሆነች ሳናስተውል እናልፋለን።

ሸለቆው በእንስሳት የበለጸገበት አንዱ ምክንያት ሰውን ያስቸገረው ነገር ነው። የጊቤ ቆላ የገንዲ በሽታ አስተላላፊ ዝንብ የሚገኝበት በመሆኑ ለረጅም ዘመን ከብት ማርባት አስቸጋሪ ነበር፤ ወባም አለ። ከብትና እርሻ ያልደፈሩት ቦታ ለአጋዘን፣ ለድኩላ፣ ለከርከሮ፣ ለዝንጀሮና ለጉሬዛ ተረፈ፤ በወንዙ ውስጥ ጉማሬና አዞ አሉ። ፍል ውኃዎችም ይገኛሉ። በወፍ ረገድ ሀብታም ስለሆነ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለው ሰው ይዞ ቢሄድ ይካሳል።

በታሪክ መመዘኛ ግን ጊቤ ሸለቆ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ጊቤ በጽሑፍም በአፈ ታሪክም የታወቀ ድንበር ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ «አምስቱ የጊቤ መንግሥታት» የተባሉት በስሙ ነው። ሆኖም ይህ ታሪክ በወንዙ ዳር ቆሞ የሚተረክ እንጂ ቀርቦ የሚዳሰስ ሕንፃ የለውም። ልጆች ከያዛችሁ ትረካው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዓይናቸው ወደ ጉማሬው ይሄዳል፤ አይፈረድባቸውም።

የጊቤ ትልቁ ጥቅም አስፋልቱ ነው። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ወልቂጤ የሚሄድ ሰው አንድ ምሽት ወልቂጤ አድሮ፣ በማለዳ ገብቶ፣ ጉዞውን መቀጠል ይችላል። ከጅማ ደርሶ ለመመለስ ግን አልመክርም፤ እንስሳቱ የሚታዩት ማለዳና ማምሻ ላይ ሲሆን ከጅማ የተነሣ ሰው የሚደርሰው ቆላው እንደ ምጣድ በሚግልበት እኩለ ቀን ነው። አንደኛው ክሽፈታችን ይኸው ነበር፤ አምስት ሰዓት ላይ ደርሰን ከአንድ የዝንጀሮ መንጋና ከጥላ ሥር ከተኛ የፓርክ ጠባቂ በስተቀር ምንም ሳናይ ተመለስን።

ጨበራ ጩርጩራ፦ ትልቁ ምርጫ

የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ በዳውሮና በኮንታ መካከል፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ይገኛል። የተቋቋመው በ2005 ሲሆን ስፋቱ ወደ 1,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ፓርክ ውስጥ ከወይና ደጋ ደን እስከ ቆላ ሣር ምድር ይታያል። ስሙን ያገኘው በአካባቢው ካሉ ሁለት መንደሮች ነው። ዝግናና ሾሹማን የመሰሉ ወንዞች ፓርኩን አቋርጠው ወደ ኦሞ ይወርዳሉ፤ በመካከሉ ትንንሽ ሐይቆችና ፍል ውኃዎች አሉ።

እዚህ የሚኬደው ለዝሆን ነው። ጎሽ፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ደፈርሳና ጉማሬ ቢኖሩም፣ ከጅማ ተነሥቶ ዝሆንን በተፈጥሮ ቦታው የማየት ተስፋ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ተስፋ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በፓርኩ ያለው ሣር ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ባሉት ወራት ዝሆን ሃያ ሜትር አጠገብ ቆሞ ላይታይ ይችላል። ሣሩ ደርቆ በሚቃጠልበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግን ምድሩ ይከፈታል፤ አመዱ መካከል አዲስ ቡቃያ ሲያወጣም ጎሽና ደፈርሳ ለግጦሽ ይወጣሉ። በመጀመሪያው ጉዟችን ያየነው ዱካውን ብቻ ነበር። አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂና መንገድ መሪ) መንገድ ላይ ያገኘውን ፋንድያ በጫማው ጫፍ ገለበጠ፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ጀርባ ነካው፤ ከዚያ የታጠፈውን ሣር አቅጣጫ አየና፣ «የዛሬ ጠዋት ነው፤ ወደ ውኃው ወርደዋል፤ እናንተ ደግሞ አርፍዳችኋል» አለን። በሁለተኛው ዓመት በሰዓቱ ደረስን፤ አምስት ሆነው፣ ትንሿን መሐል አድርገው ወንዙን ሲሻገሩ ከማዶ ሆነን ተመለከትን። ከእኛ ወገን ለብዙ ደቂቃ የተናገረ ሰው አልነበረም።

መንገዱ ከጅማ ወደ ደቡብ ጎጀብን ተሻግሮ ጭዳ ይደርሳል፤ ከዚያ አንደኛው ወደ ኮንታዋ አመያ፣ ሌላኛው ወደ ዳውሮዋ ተርጫ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ያለው ችግር የለበትም። ችግሩ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ፓርኩ መግባት ላይ ነው። ሁለተኛው ክሽፈታችን የተፈጠረው ኮስተር ያከራየን ሰው «ይሄ መኪና የማይገባበት የለም» ብሎ ሲምልልን አምነነው በመሄዳችን ነው። በየካቲት መጨረሻ ያለ ወቅቱ የጣለ የአንድ ሌሊት ዝናብ ቀዩን አፈር እንደ ሳሙና አንሸራታች አደረገው፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ድንጋይና ቅርንጫፍ ስናነጥፍ ዋልን። ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ከሌለ በጥር ቢሆንም ወደ ውስጥ መግባትን አልመክርም፤ ስካውት መያዝም ለታይታ ሳይሆን ከጎሽና ከዝሆን ጋር በእግር መገናኘት ቀልድ ስላልሆነ ነው።

ታሪኩ ከፓርኩ ውጭ ቢሆንም በዚያው አቅጣጫ ነው። የዳውሮ ነገሥታት ግዛታቸውን ከጎረቤት መንግሥታት ለመከላከል በኦሞና በጎጀብ ተፋሰስ አቅጣጫ ያስገነቡት ረጅም የድንጋይ ካብ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት በንጉሥ ሃላላ ስም ይጠራል። ድንጋዩ ጭቃም ኖራም ሳይገባበት አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ የቆመ ነው። ጎጀብን ተሻግረን ለመጣን ለጅማ ሰዎች ካቡ የሚነግረን የተለየ ነገር አለ፤ እኛ ዛሬ ለመዝናናት የምንሻገረው ወንዝ ያን ጊዜ የሚጠበቅ ድንበር ነበር። ኦሞ በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ተገድቦ ሐይቅ የሆነውም በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን የተመረቀው በ2016 ነው።

በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት የኮይሻ ክፍል በሐይቁ ዳር ሃላላ ኬላ፣ በጨበራም የዝሆን ዳና ሎጅ ተሠርተዋል። ሁለቱም ከዚህ ቀደም ያልነበረ ምቾት አምጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን ወር ጠብቆ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው ማኅበር የሚቀመስ አይደለም። በአመያ ወይም በተርጫ ባሉ ተራ ሆቴሎች አድሮ በማለዳ መነሣት ይቻላል፤ ሊነጋጋ ሲል መንቃትን የሚጠላ ሰው ግን ሎጁን ይምረጥ ወይም ይቅር።

ካፋ፦ ደኑና ጎጀብ

ካፋ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሲሆን በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2010 ነው፤ ስፋቱ 760,144 ሄክታር ነው። ከብሔራዊ ፓርክ የሚለየው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት መሆኑ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ እምብርት፣ በዙሪያው ውስን ጥቅም የሚፈቀድበት ቀጣና፣ ከዚያም የሰፈራና የእርሻ ቀጣና ተብሎ ይከፈላል። ስለዚህ በር፣ ትኬትና «ፓርክ ገባሁ» የሚያሰኝ ድንበር የሚጠብቅ ሰው ግር ሊለው ይችላል።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ያለው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በራሱ የጉብኝቱ አካል ነው። ሸቤ ከመድረስ በፊት በለጤ ደን ውስጥ ሲታለፍ ከዋርካውና ከወይራው ጥላ ሥር ቡና ሳይተከል በቅሎ ይታያል፤ ጉሬዛዎችም ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከመንገዱ በላይ ይቀመጣሉ። ጎጀብን ከተሻገሩ በኋላ ከወንዙ ጋር የተያያዙት ረግረጎች የወፍ ሀገር ናቸው። በካፋ ደን አንበሳ እንዳለ ተረጋግጧል፤ ይሁንና ለማየት ብሎ የሚሄድ ሰው ጊዜውን ባያባክን ይሻላል።

በታሪክ ረገድ ካፋ ሀብታም ነው፤ ያ ሀብት ግን ተራኪ ይፈልጋል። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾ በ1897 እስኪማረኩ ድረስ መንግሥቱ ለዘመናት ራሱን ችሎ ኖሯል። ቦንጋ ያለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየምና ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው፣ ወንዝ ከሥሩ የሚያልፍበት «የእግዜር ድልድይ» የተባለው የተፈጥሮ ድንጋይ ድልድይ፣ ለልጆችም ለአዛውንቶችም የሚሆኑ ናቸው። ቦንጋ የሚያድር ሰው የአካባቢ አስጎብኚ መያዙን አይርሳ፤ ያለ እርሱ ደን ደን ነው፣ ዛፍም ዛፍ ነው።

ኦሞ፦ የተለየ ጉዞ

የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ 4,068 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በፓርኩ አካባቢ ኪቢሽ ላይ በ1967 የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 230,000 ዓመት እንደሚሆነው ተገምቷል፤ የታችኛው ኦሞ ሸለቆም ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በወንዝ፣ በታሪክና በአውሬ ሦስቱንም በአንድነት ከሁሉ በላይ የሚያሟላው እርሱ ነው። ነገር ግን ከጅማ ለሚነሣ ተራ ጎብኚ ቀናትን፣ ሁለት መኪናን፣ የራስ ድንኳንና ስንቅን የሚጠይቅ ጉዞ ነው። በቅዳሜና እሑድ ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው ሰው ካርታውን ደግሞ ይመልከት።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መመዘኛ | ጅሬንና ቦዬ | ጊቤ ሸለቆ | ጨበራ ጩርጩራ | ካፋ | ኦሞ |
|---|---|---|---|---|---|
| ከጅማ የሚፈጀው ጊዜ | ግማሽ ቀን | አንድ አዳር | ከሁለት እስከ ሦስት አዳር | አንድ ወይም ሁለት አዳር | አንድ ሳምንት ገደማ |
| ወንዝ ዳር መድረስ | ቀላል | መካከለኛ | ስካውት ያስፈልጋል | ቀላል | ከባድ |
| በዓይን የሚታይ ታሪክ | ከሁሉ የተሻለ | ደካማ | ጥሩ፣ ከፓርኩ ውጭ | ጥሩ፣ ተራኪ ይፈልጋል | ከፍተኛ፣ ለባለሙያ |
| በብዛት የሚታይ እንስሳ | ጉማሬ፣ የውኃ ወፍ | ዝንጀሮ፣ ጉማሬ፣ ወፍ | ጎሽ፣ ደፈርሳ፣ በዕድል ዝሆን | ጉሬዛ፣ ወፍ | የሣር ምድር እንስሳት |
| አመቺ ወቅት | ዓመቱን ሙሉ | ከኅዳር እስከ የካቲት | ከታኅሣሥ እስከ የካቲት | ከኅዳር እስከ የካቲት | ደረቅ ወራት ብቻ |
| መኪና | ባጃጅ፣ ሚኒባስ | ሚኒባስ እስከ በሩ | ባለ አራት ጎማ ጉልበት | ሚኒባስ | ሁለት ላንድክሩዘር |
| ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ከሃምሳ በላይ ተማሪዎችን ይዞ ለሚሄድ መምህር ያለ ምንም ማመንታት ጅሬንና ቦዬን እመርጣለሁ። ጠዋት ቤተ መንግሥቱን፣ ቀትር ላይ ምሳ፣ አሥር ሰዓት ላይ ጉማሬ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በዚያው ምሽት ይረከባሉ። በአንድ አውቶቡስ ጨበራን የሚያቅድ ትምህርት ቤት ግን ከቁጭት በቀር ይዞት የሚመለሰው የለም።

አያቶችና ሕፃናት ላሉበት ቤተሰብ ካፋ ይሻላል። መንገዱ አያንገላታም፣ አየሩ አይግልም፣ ቦንጋ ላይ ማደሪያና ምግብ አለ፤ እግር የሚያማቸው እናት ከመኪና ሳይወርዱ እንኳ ደኑንና ጉሬዛውን ያያሉ። በቅርቡ ከውጭ የመጡ ዘመዶችን ለማስጎብኘትም ከቡናው ታሪክ ጋር ስለሚያያዝ ወሬው አያልቅም።

ከስድስት እስከ አሥር የሚደርሱ፣ ገንዘብ ለማዋጣትና ለመንገላታት ፈቃደኛ የሆኑ ወጣት ሠራተኞች ጨበራን ይምረጡ፤ ነገር ግን ከወራት በፊት ቆጥበው፣ በጥር ወር፣ በሁለት ላንድክሩዘር። ገንዘቡ የማይሞላ ከሆነ ጨበራን በርካሽ ለማድረግ ከመሞከር ይልቅ ለሚቀጥለው ዓመት ማሳደር ይሻላል፤ በጨበራ ላይ የሚቀነስ ብር የሚቀነሰው ከመኪናው ነው፣ መኪናው ደግሞ እንዳየነው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። በመሐል ያለ አማራጭ የሚፈልጉ፣ ፓርኩን ትተው እስከ ተርጫ በአስፋልት ሄደው የሃላላን ካብና ሐይቁን ብቻ አይተው መመለስ ይችላሉ።

ጊቤ ሸለቆ ለብቻው የታቀደ ጉዞ ከሚሆን ወደ አዲስ አበባ በሚደረግ ጉዞ ላይ ቢደረብ ይጠቅማል። ለወፍ ተመልካቾችና ለፎቶ አንሺዎች ግን በራሱ በቂ ምክንያት ነው። ቆላ ስለሆነ ለወባ መከላከያ የሚሆነውን ከሐኪም ጋር መነጋገርና ረጅም እጅጌ መልበስ ያስፈልጋል፤ ዝንቡ በተለይ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ስለሚስበው ፈዘዝ ያለ ቀለም ይመረጣል። ይህ ምክር ለጨበራም ይሠራል።

የትኛውም ቢመረጥ በጉዞው ዋዜማ ለሚመለከተው የፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስልክ መደወል ያስፈልጋል። «ክፍት ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎን ነው። ይልቅ ትናንት መኪና ገብቶ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መኪና እንደነበረ፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስካውት በር ላይ ይገኝ እንደሆነና የመንገዱ ጸጥታ እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠየቅ፤ የስካውቱ ስልክ ቁጥርም ጅማ ሳይለቀቅ ይያዝ፣ ከጭዳ በኋላ ኔትወርክ እንደ ልብ አይገኝምና።